የፖርቶመጋላው ጥላ

ጡረታ ስወጣ በእጄ የቀረው ንብረት አንድ ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር። ከአዳማ ሻሸመኔ ስመላለስበት የኖርኩበት መኪና ነው። ልሸጠው ስነሳ ባለቤቴ እምቢ አለች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስታሳፍር ኖረሃል» አለችኝ። «እኔን መቼ ነው የምታሳፍረኝ?»

ቃሉ ለሌላም ትርጉም እንደሚሆን የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው፤ ራሷ ሳቀች። እኔም ስቄ ተሸነፍኩ። ወንበሮቹን አስነቀልኩና አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ የውሃ በርሜል፣ ትንሽ ቁም ሳጥን አስገባሁ። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን ፍሪጁ ነበር። ባለቤቴ ስኳር አለባት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ ደግሞ የእኛን አገር ሙቀት አይችልም። ስለዚህ አዳማ አንድ ባለሙያ ፈልጌ ሁለት ሶላር አስገዛሁ። ባለሙያው ጋራዡ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ዘርግቶ ሞከራቸው፤ ግሩም ሠሩ። ከዚያ ጣሪያው ላይ፣ ዕቃ መጫኛው ፖርቶመጋላ ውስጥ ገብተው ታሰሩ። ከወጡ በኋላ ስንት እንደሚሰጡ መለስ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። እኔም አላየሁም።

ሻሸመኔ ያለችውን ልጃችንን ልንጠይቅ በወጣን በሁለተኛው ቀን ዓለም ጤና ደርሰን አንድ የሽንኩርት ማሳ ዳር አስፈቅደን ቆምን። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ፍሪጁን ከፈተችና የኢንሱሊኑን ጠርሙሶች ዳሰሰች። ሳልጠይቃት ገባኝ። ፍሪጁ ጠፍቷል፤ ጠርሙሶቹ ለብ ብለዋል። አልተቆጣችኝም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ውሃ የጠገበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጠቻቸውና «ወደ ቤት እንመለስ» አለች ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ደጅ ወጥቼ ጎማው ላይ ተደግፌ ሳለሁ የማሳው ባለቤት መጣች። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች ሴት ናት።

«አካም ቡልተኒ፣ አባባ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀችኝ።

«ነጋ፣ ልጄ» አልኳት፤ ሰላም ነው ማለቴ ነበር። ፊቴ ግን ነጋ አይመስልም ነበርና ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አዳማ ተመልሼ ሦስተኛ ሶላር ልጨምር መሆኔንም አከልኩ።

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «አሥር ቢጨምሩም ያው ነው» አለችኝ።

ከጉድጓድ ውሃ የምትስበው በሶላር ነበር፤ ስንት ዓመት ከነሱ ጋር ስትታገል እንደኖረች በኋላ ነው የነገረችን። ያን ጊዜ ግን ቦቲዋን አውልቃ፣ ከደጃፏ ነጠላ ጫማ አጥልቃ፣ መፍቻ ይዛ በመሰላሉ ወጣች። እኔን ከባትሪው አጠገብ ያለችውን፣ ከሶላሮቹ የሚገባውን ኃይል በቁጥር የምታሳየውን ሳጥን እንዳይ ላከችኝ። ረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ደመና የሚባል ነገር የለም።

«ስንት ይላል?» ብላ ከላይ ጮኸች።

«ሁለት!»

ብሎኑን ስትፈታ ሰማሁ። ሶላሮቹን አንድ በአንድ አንስታ ከፖርቶመጋላው ብረት በላይ አጋደመቻቸው። ሳጥኗ ላይ ቁጥሩ መዝለል ጀመረ። አራት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። ዓይኔን አሸሁ።

«ዘጠኝ! ዘጠኝ ገባ!»

«አሁን ደግሞ ይዩ።»

ቁጥሩ ወዲያው ወደ አምስት ወረደ። ምን አድርጋ ነው ብዬ ሮጬ ወጣሁ። የአንድ እግር ነጠላ ጫማዋን አንዱ ሶላር ጥግ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ያን የሚያህል ሰፊ ነገር፣ ከአሥር ዘጠኝ እጁ ፀሐይ ላይ እያለ፣ በአንድ ነጠላ ጫማ ሥራ አቁሟል።

«ውሃ በጎማ እንደሚሄድ ነው» አለችኝ። «ጎማውን አንድ ቦታ ቢረግጡት ከኋላ ያለው ውሃ ሁሉ ይቆማል። የእርስዎ ብረት ጠዋትም ማታም ጥላውን ይጥልበታል። እየረገጠው ነው የኖረው።»

ከዚያ እጄን ይዛ ሶላሮቹ ተኝተውበት የነበረውን ቆርቆሮ አስነካችኝ። አቃጠለኝ። ሶላር ፀሐይ ይወዳል እንጂ ግለት ያደክመዋል፣ ከሥሩ ንፋስ ሊያልፍ ይገባል አለችኝ። አቧራውንም ጠዋት ሳይግል ማጠብ እንዳለብኝ ነገረችኝ። በዚያች ፀሐይ ሥር ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ፤ ክንዴ የጠቆረው በመስኮት በኩል በገባችው ፀሐይ ነው። ስለሷ ግን ይህን ያህል እንኳ አላውቅም ነበር። 

መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ፖርቶመጋላው ይቆረጥ። ከተማው ውስጥ ካለው በያጅ ዘንድ ስንደርስ ግን አመነታሁ። በዚያ ብረት ላይ ስንቱን የሽንኩርት ጆንያ፣ ስንቱን ፍራሽ፣ የስንቷን ሙሽራ ሻንጣ አስሬበታለሁ። በያጁ መቁረጫውን ይዞ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ ከመስኮቱ ብቅ ብላ አየችኝ።

«ቁረጠው» አልኩት።

ዙሪያውን ቆርጦ እግሮቹን ብቻ አራት ጣት ያህል አስቀረ፤ ሶላሮቹን እነሱ ላይ አሰራቸው። ፍሪጁ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀዝቀዝ ጀመረ። ለብ ያለውን መድኃኒት ባለቤቴ አላመነችውምና ከፋርማሲ አዲስ ገዛን።

ሻሸመኔ ልጃችን ቤት በር ላይ አራት ቀን ቆምን። ሁለቱን ቀን ደመና ነበር። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም አልሞተም። እንደ ዓመት በዓል በግ እየደጋገምኩ አየው ነበር። ፀሐይ ከደመናው ጀርባ እንኳ ሆና፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት ወርዳ የሚስቴን መድኃኒት ታቀዘቅዛለች። ሙቀት ራሱ ብርድ ሲሆን ቆሞ ማየት ለእኔ ተአምር ነው። ልጄንም ጠርቼ ቁጥሩን አሳየኋት።

በሦስተኛው ቀን ለባለ ማሳዋ ስልክ ደወልኩ። ጠርሙሱ በእጅ ሲያዝ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ በደመና እንኳ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ከጀርባዋ የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል።

«ጥሩ ነው፣ አባባ» አለችኝ። «እናታችንን ሰላም ይበሉልኝ። አሁን ሽንኩርት እየጫንኩ ነው።»

ዘጋችው። እኔ ግን ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቁጥሩን ደግሜ ለማየት ወደ አውቶቡሱ ገባሁ።