በመቀስ የቆረጥኩት ንፋስ

ማዳም የምትሠራበት ክፍል ጅቡቲ ከተማ ባሕሩን የሚያይ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ብርሃኑ ከውኃው ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ይዋኛል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ተራሮችም አብረው የሚነቃነቁ ይመስለኛል። ሠዓሊ ናት። የምትሥለው አገሯን ነው፤ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ነጩን ጨው፣ ከሰዓት በኋላ መልኩን የሚለውጠውን ተራራ። ቀለም አልበቃ ሲላት ያንኑ በክር ሸምና ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ የገባሁት ቤቱን ለማጽዳት ነበር። አንድ ቀን በእረፍቴ ሰዓት እንዝርት ይዤ ጥጥ ስፈትል አየችኝና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛ ትናገራለች፤ «እርስዎ» እንዳልላትም የከለከለችኝ ራሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ መፍተል ሆነ።

መጀመሪያ ላይ አልተግባባንም። እኔ እናቴ እንዳስተማረችኝ እኩልና ቀጭን ክር ሳወጣላት፣ እሷ የምትፈልገው ወፈር ቀጠን ያለውን ነው። ተራራ እኩል አይደለም ትለኛለች። እያዘንኩ አበላሽቼ መፍተል ተማርኩ።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻዋን እንድትውል ስለማልፈልግ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ማዳም ቤት እንድትመጣ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ብሩሽ ታጥብ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሽመናው ላይ ተቀመጠች። ይህ አሳሰበኝ። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ክር እናቀብለዋለን እንጂ መወርወሪያውን አንነካም። ለባለቤቴ በስልክ ነገርኩት። እሱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ የእኔ ጭንቀት ሁልጊዜ ያስቀዋል። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ የሚፈትል ባል እንፈልግላታለን» አለኝ።

ሙቀቱ ቀዝቀዝ ባለበት ወራት ማዳም ልጄን ይዛ ወደ ጨው ሐይቁ ወደ አሳል ልትሄድ ፈለገች። ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ። መንገዱ ገደል ነው፣ ፀሐዩ ራስ ያዞራል፣ ስልክ አይሠራም። በሦስተኛው ፈቀድኩ፤ ውኃ፣ ሎሚ፣ ጃንጥላ፣ በትንሽ ጠርሙስም ጠበል አስያዝኳት። ያን ቀን እንዝርቱ በእጄ አልዞር አለኝ። ፀሐይ ስትገባ ከንፈሯ በጨው ነጥቶ፣ ዓይኗ ሩቅ ሆኖ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ለወራት ያየችውን ሸመነች። እኔ እፈትላለሁ፣ ማዳም ክሩን ቀለም ትነክረዋለች፣ ልጄ ትሸምናለች። ከታች ጥቁር፣ መሐሉ ነጭ፣ ከላይ ስም የማላወጣለት አረንጓዴ። ሳየው እንቅልፍ ውስጥ የምሄድ ይመስለኝ ነበር፤ ጨው ላይ እየተራመድኩ የእግሬ ኮቴ የማይሰማኝ።

ማዳም ሥዕሎቿንና ሽመናዎቿን ለሕዝብ የምታሳይበት ቀን ሲደርስ የልጄንም አብራ ልትሰቅለው ወሰነች። ልጄ ከዚያ በኋላ እህል አልበላ አላት። ለመሰቀል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እንዳነሣለት ተነገረኝ። ሐሙስ ነበር፤ ብቻዬን ነበርኩ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው ጎንበስ ስል፣ ነጩ ላይ ጫፋቸው ያልተቀበረ ብዙ ክሮች ወደ አንድ ወገን ተንጠልጥለው አየሁ።

ደነገጥኩ። በአባቴ ቤት ሸማ ለሰው የሚሰጠው ፊቱ ተለቅሞ፣ ዘርፉ ተገምዶ ተቋጭቶ ነው። ክር የተንጠለጠለበት ሸማ ያወጣ ሸማኔ ገበያ መሐል መሳቂያ ይሆናል። ቸኩላለች አልኩ፤ ገና ልጅ ናት፣ ትልልቅ ሰዎች መጥተው ይስቁባታል። ትንሿን መቀስ አመጣሁ። እያንዳንዱን ክር ሽመናውን ሳልነካ፣ ትንፋሼን ይዤ ከሥሩ ቆረጥኩት። ከግርጌ የተረፈውንም ዘርፍ ቋጨሁት። ስጨርስ ፊቱ እንደ ሙሽራ ልብስ ለስልሶ ነበር። ደስ ብሎኝ ቁርጥራጩን ጠርጌ ጣልኩ።

ልጄ ገብታ አየችው። ነጩን በመዳፏ ዳበሰችው።

«እማዬ፣ ንፋሱ የት ሄደ?» አለችኝ።

አልገባኝም። ኋላ ማዳም ናት ያስረዳችኝ፤ እዚያ ሐይቅ ላይ ንፋስ እንደማያባራ፣ ልጄ እሱን በክር ለመሥራት ስንት ጊዜ እንዳሰረችና እንደፈታች፣ ክሮቹን ሁሉ እያወቀች ወደ አንድ ወገን እንዳስተኛቻቸው። አልተቆጣችኝም። ይሰቀል አይሰቀል የሚለውን የምትወስነው የሠራችው ናት አለች። ልጄ አይሰቀልም አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ቦታ እያለ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

ማዳምን ወደ ሐይቁ ውሰጂኝ አልኳት። የቆረጥኩትን ነገር ሳላየው መቅረት ከበደኝ። በማግሥቱ ዓርብ፣ ትምህርት ስለሌለ ልጄም መጣች። ገደሉን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። ስገልጥ ምድር እዚያ ያለቀች መሰለኝ። ሁሉ ነጭ ነው፤ ሰማዩ ውኃው ውስጥ ወርዶ ተኝቷል፤ ጥቁሮቹ ተራሮች ዙሪያውን ተንበርክከው እንደሚያንቀላፉ ግመሎች ናቸው። የሚሰማው ንፋስ ብቻ ነው። ከመኪናው እንደወረድኩ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፈው። ስይዘው ይወጠራል፣ ሳላላው ይሸሻል። ዘርፉ ፈትል በፈትል ወደ አንድ ወገን ተንሳፈፈ፤ ልሰበስበው ብል እምቢ አለኝ። ያን ጊዜ በመቀስ ያጠፋሁትን አየሁ። ከጀርባዬ ልጄ ስትስቅ ሰማኋት።

«ልቀቂው እማዬ፣ አይሰበሰብም» አለችኝ።

ለቀቅኩት። ምን ያህል አብረን እንደቆምን አላውቅም። ጊዜም እዚያ ጨው ሆኖ የረጋ ይመስላል።

የቀረን አንድ ቀን ነበር። ሌሊቱን ተኝቼ በንጋታው ጎርበጥ ያለ ክር ፈተልኩ። ልጄ መርፌውን ሰጠችኝ፤ እሷ ቦታውን በጣቷ ታሳየኛለች፣ እኔ አስገባለሁ። ጫፉን ሳልቀብር መተው እጄ አልለመደም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳላስበው ቋጠርኩት፤ «እማዬ» ትለኛለች፣ እፈታዋለሁ። ቀኑ ሲያልቅ የቆረጥኩትን ግማሽ እንኳ አልተካንም።

እሑድ ጠዋት እንግዶች ሳይመጡ ልጄ መሰላል ላይ ወጣች። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ ይዣለሁ። መውደቋን እፈራለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን የምትለውን እፈራለሁ። ሽመናውን ከግድግዳው ጋር አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ያኛው አይደለም» አለች። አንዱን ክር በጣቷ አንሥታ ለቀቀችና፣ «ግን ንፋስ ነው» አለችኝ።

እጇን ወደ ታች ዘረጋች። አንድ እጄን ከመሰላሉ ሳላነሣ መዶሻውን አቀበልኳት።