ጡቦቹና የሁሩታው እንግዳ

ደርግ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሲወርስ፣ አብሬያቸው እሠራ የነበርኩት አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የልጆቻቸውን የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች ከነካርቶኑ ትተውልኝ ሄዱ። ያኔ ወንደላጤ ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ ናዝሬት በተከራየኋት ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ቤት እሠራለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ እንደገና እሠራለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ላገባት ላሰብኳት ልጅም ጭምር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህል ነጋዴው አባቷ ሳላስበው ከሁሩታ መጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ገብተው ጡቦቹን ተበትነው አዩ። ለሰላምታ የዘረጋሁት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ልጁ የታለ?" አሉኝ።

"የምን ልጅ?"

"ሳትነግረን የወለድከው።"

"ልጅ የለኝም አባባ። የምጫወትባቸው እኔ ነኝ" ስላቸው ፊታቸው ጨለመ።

"እስቲ ሥራና ልይ" ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

እጄን ይከታተሉ ጀመር። ሰው እያየኝ ሠርቼ ስለማላውቅ ግድግዳው ደጋግሞ ፈረሰብኝ። እንደምንም መጋዘን አቁሜ ጣሪያውን ከደንኩ። ጎንበስ ብለው ዙሪያውን መረመሩት።

"በሩ ጠባብ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ጆንያ የተሸከመ ሰው በዚህ አይገባም።"

በሩን አስፍቼ ሠራሁት። እሳቸውም ከወለሉ ላይ ሁለት ጡብ አንስተው ገጠሙ፣ አላቀቁ፣ እንደገና ገጠሙ።

ሰዓት እላፊ እንዳይደርስባቸው በጊዜ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ላይ ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ "ሽማግሌ ላክ" አሉኝ። "ሌላ ሰው ግን እንዳያይህ።"