ባለ ሁለት ነው ባለ ሰባት?

ለንደን፣ ባተርሲ ሰፈር፣ ከባቡር ድልድዩ ቅስት ሥር ባለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፎርማኑ ሬጅ የሰጠኝ መሣሪያ መዶሻም ቁልፍም አልነበረም። የቀለም መፋቂያ ነበር። ጋራዡ ውስጥ በቆመው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጋቢና ጎን ላይ በነጭ ወደተጻፈው ቁጥር እያመለከተ፣ "ያንን ፋቀው" አለኝ። ቀለሙ ገና በደንብ እንኳ አልደረቀም።

እኔ አስመራ የምድር ባቡር ጋራዥ የእንፋሎት ቦይለር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ጦርነቱ ባቡሩን አቆመው። ደርግም እኔን አላስቀምጥ ሲለኝ በሱዳን አድርጌ ለንደን ገባሁ፤ ስቶክዌል አንድ ክፍል ተከራየሁ። የእንፋሎት ባቡር የሚጠግን ሰው ይፈለጋል ሲባል ብሰማ፣ እግዜር ለእኔ ብሎ ያዘጋጀው ሥራ መሰለኝ። ለካ የሚፈልጉት ቀለም ቀቢ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎኮሞቲቩን አሮጌ ባቡር ቆራርጠው ከሚሸጡ ብረት ቆራጮች ገዝቶ ያዳነው አንድ ማኅበር ነው። ሊቀ መንበሯ ዶሮቲ ነርስ ነበረች። አባቷ የባቡር ነጂ ነበሩ፤ ሲነዱት የኖሩት ሎኮሞቲቭ ቁጥሩ በሁለት ያልቃል። ጋቢናው ሲፋቅ ከዝገቱ ሥር ያው ቁጥር ተገኘ። ስለዚህ ለዶሮቲ ይህ የአባቷ ባቡር ነው፤ አለቀ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሚስተር ፔምበርተን ደግሞ የታሪክ መምህር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በሰባት ነው የሚያልቀው። "ሎኮሞቲቭ ማለት ሻንሲው ነው" ይላሉ፤ ከዚያ ንቅንቅ አይሉም።

ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። ባቡር ሲታደስ የአንዱ ቦይለር ለሌላው፣ የሌላው ጎማ ለሦስተኛው ይገጠማል። አስመራም እንደዚያው ነበር የምናደርገው። በዚህ የተጣላ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ዶሮቲ ስትመጣ ሁለት ቅባ እባላለሁ። ሚስተር ፔምበርተን ሲመጡ ሰባት። የቦይለሩ ቱቦዎች ተነቅለው መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ስብሰባ፣ ድምፅ መስጠት፣ ደግሞ ስብሰባ። አንድ ቀን ሰባቷን ቀብቼ ሳልጨርስ ዶሮቲ ደረሰችና፣ "ተስፋይ፣ አንተም ከእሳቸው ጋር ሆንክ?" ብላ ተቀየመችኝ። እሑድ ኬኒንግተን ከቅዳሴ ስንወጣ የአገሬ ሰዎች "ቁርጡን ንገረን፤ ኢትዮጵያዊ ነህ ኤርትራዊ?" ብለው ይይዙኛል። ሰኞ ደግሞ እዚህ። የት ልግባ?

ከዚያ የጋራዡ ባለቤት ቦታውን ሸጥኩት አለ። ገጠር ውስጥ ቱሪስት የሚያመላልስ አንድ የባቡር መስመር ሎኮሞቲቩን ለመውሰድ ተስማማ፤ ቦይለሩ ተፈትኖ ካለፈ ብቻ። ካላለፈ ወደ ብረት ቆራጮቹ ይመለሳል። ሬጅ ማኅበሩን ሰብስቦ ይህንኑ ነገራቸው። ሚስተር ፔምበርተን እጃቸውን አወጡ። "ለፈተናው የምናስመዘግበው በየትኛው ቁጥር ነው?" ሬጅ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው።

ስብሰባው ሲበተን ዶሮቲ ቦርሳዋን አነሳችና፣ "በሉ ልሂድ፤ ክላፋም አባቴ ይጠብቀኛል" አለች።

"የትኛው አባትሽ?" አልኳት።

"ነጂው ነዋ! ሌላ አባት አለኝ እንዴ?"

እኔ የሞቱ ነበር የመሰለኝ። "በሕይወት አሉ? ታዲያ እሳቸውን ለምን አንጠይቅም?" ብዬ ጮኽኩ።

"ባቡርህን አገኘን ብዬዋለሁ፤ ግን ታሟል፣ በክርክሩ ላደክመው አልፈልግም። ተጠግኖ ሲያልቅ ላሳየው ብዬ ነው።"

"ነገ አምጪው" አለ ሬጅ።

በማግስቱ የዶሮቲ አባት ሚስተር አልበርት በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። እኔና ሬጅ ተሸክመን ጋቢናው ውስጥ አስቀመጥናቸው። ዙሪያውን አዩ። የእንፋሎት መክፈቻውን እጀታ ጨበጥ አድርገው ለቀቁት።

"የእርስዎ ነው?" አሉ ሚስተር ፔምበርተን ከታች።

"አይደለም። የእኔን ቆሜ እያየሁ ነው የቆራረጡት። ጋቢናው ደህና ስለነበረ ነቅለው ለሌላ ገጠሙት። ይሄ ያ ሌላው መሆኑ ነው።"

ዶሮቲ ፊቷ ነጣ። "አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎሽ አላየሁማ" አሏት።

ከጋቢናው ስናወርዳቸው ወንበራቸውን እየገፋች ይዛቸው ሄደች። ሚስተር ፔምበርተን ረቱ፤ ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ዶሮቲ ለሳምንታት ብቅ አላለችም። እኛ ቱቦዎቹን ገጠምን፤ የሚያፈሱትን ነቅለን ቀየርን፤ ማንም ቀለም አምጣ ሳይለኝ ሰነበትኩ። ያሰብኩትን ያህል ግን ደስ አላለኝም። ጋራዡ ያለ እሷ ጭር አለብኝ።

አንድ ጠዋት ቱታ ለብሳ መጣች። "ሰባት ቅባው፤ እኔስ ምን ልሥራ?" አለች። ሬጅ የሽቦ ብሩሽ ሰጣት። ሚስተር ፔምበርተን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከጋቢናው በውስጥ በኩል እኮ ሁለቷን ብንጽፋት…"

"አሁን ነው ይህን የሚሉት?" አልኳቸው። ይህን ሁሉ ወር ሲያስፍቁኝ የት ነበሩ? ቢሆንም ጻፍኳት።

የፈተናው ቀን እሳት አነደድን። መርማሪው የግፊት መለኪያውን ሲያይ፣ ዙሪያውን ሲዞር ቆየና "አልፏል" አለ። ሚስተር አልበርትን ዳግመኛ ወደ ጋቢናው አወጣናቸው፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆመች። ፊሽካውን ሳቡት። ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ይሄ ደግሞ የማን ፊሽካ ነው?" አሉ።

ሚስተር ፔምበርተን አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሬጅ "ማንም እንዳይመልስ!" ብሎ ጮኸ። ዶሮቲ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ሎኮሞቲቩ እስካሁን ይሠራል። በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። የአሮጌ ማሽን ታሪክ ማወቅ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ የሠራበትን ሰው ጠይቁ። እሱ ከሌለ ቦይለሩን ጠግኑ፤ ክርክሩ ይደርሳል።