ወንድ ነው ብዬ የማልኩለት ድመት

«እግዜር አፍ ሰጥቶ ዓይን ነስቶሻል» አሉኝ አከራዬ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው። በረንዳው ላይ አፉ የታሰረ ጆንያ ይንቀሳቀሳል። ውስጡ ያለው ድመቴ ነው።

ፍኖተ ሰላም ክፍል በተከራየሁ ሰሞን የገዛሁት ፓስታና ሽሮ ሁሉ የአይጥ ቀለብ ሆነ። ቡሬ ካለችው አክስቴ ድመት ላምጣ ብዬ አከራዬን ለመንኳቸው። ወንድ ከሆነ ብቻ አሉ። ያሳደጓት ሴት ድመት ሳጥናቸው ውስጥ ገብታ፣ ለበዓል ባስቀመጡት ቀሚስ ላይ አራት ወልዳባቸዋለች። አክስቴ «ወንድ ነው፣ ውሰጂው» ስትለኝ ጊዜ፣ እኔም ጅራቱን እንኳ ሳላነሳ ይዤው መጣሁና «በማርያም፣ ወንድ ነው!» ብዬ ማልኩ።

ከመጣ ሦስት ወር ሳይሞላው ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አከራዬ አርግዛለች ብለው ፈረዱ። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሰከላ ለሚመለስ ዘመዳቸው ሊሰጡት ጆንያ ውስጥ ከተውት ሳለ ከክፍሌ ወጣሁ። እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ፤ ከሥራ ስገባ በር ላይ የሚቀበለኝ ሌላ ማንም የለኝም።

«መውለጃዋ ደርሷል፣ ትሂድልኝ።»

«ጠግቦ ነው እንጂ!»

«ጥጋብ እንዲህ ጎን ይነፋል?»

ክርክር አልወድም። ጆንያውን ፈታሁ፣ ድመቱን ጭኔ ላይ ገለበጥኩና ጅራቱን አነሳሁ። አከራዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ኧረ ነውር ነው!»

«ድመት ነው እኮ እትዬ፣ ይምጡና ይዩ።»

ነውር ነው እያሉ መነጽራቸውን አመጡ።

ሴት ከሆነች ሁለቱ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ነው የሚታዩት። ወንድ ከሆነ ይራራቃሉ፣ መሃላቸው ላይ ቆለጡ አለ። የእኔው ጉድ ቀዳዳዎቹ ተራርቀዋል፤ ቆለጥ ግን የለም።

«ፍሬው የታለ?» አሉኝ፣ እንደ ረታ ሰው።

«ሴት ከሆነች ታዲያ ለምን ተራራቀ?»

ሁለታችንም አጎንብሰን እንደገና አየን። ድመቱ ጮኸብን።

አክስቴ ጋ ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። «አክስቴ፣ የዚህ ድመት ቆለጥ የት ሄደ?»

አከራዬ አማተቡ።

«ተኮላሽቷላ!» አለች አክስቴ። «ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ሲደባደብ አስቸገረኝ። አንድ ሰውዬ ለፋሲካ የማደልባቸውን በጎች ሊያኮላሽ ሲመጣ፣ በዚያው እሱንም ጨርስልኝ አልኩት። አልነገርኩሽም እንዴ?»

«አልነገርሽኝም!»

አከራዬ እየሳቁ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ሙክት ነዋ! ሙክቴን ለሰው ልሰጥ ነበር!» ከዚያ ድንገት ኮስተር ብለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እንዴት አደሩ እመቤቴ? እንዲህ ከሆነ በኋላ አይጥ ይይዛል ይላሉ?»

«ምነው እመቤቴ፣ አይጥ የሚይዘው በጥርሱ አይደል?»

ይሄን ጊዜ ዘመዳቸው ከበር ላይ ተጣራ። አከራዬ «ሂድ፣ ሂድ፣ የምሰጥህ የለም!» ብለው መለሱት። ድመቱንም ከጭኔ ላይ አንስተው፣ ክብደቱን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና «ዛሬ እኔ ጋ ይዋል» አሉኝ።

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ሥራዬ ወጣሁ።