መወርወሪያው የወደቀ ቀን

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሸማኔው አባቴ መወርወሪያ ከእጁ ወደቀ፤ አፉም ተጣመመ። ዛሬም በሽሮ ሜዳ ሳልፍ የሽመና ድምፅ ያንን የደርግ ዘመን ሐሙስ ያመጣብኛል።

"ስኳሩ ነው ጭንቅላቱን የመታው" አሉ ጎረቤቶች። ልጅ ነበርኩና ስኳር ሰውን እንዴት እንደሚመታ አልገባኝም። እናቴ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ያመጣችውን ስኳር አባቴ እንዳይቀምሰው ለጎረቤቶቹ ሰጠች።

ከሆስፒታል ሲመለስ እግሩ ተሽሎት ነበር፤ ግራ እጁ ግን መወርወሪያውን መቅለብ አቃተው። ማታ በደከመ ድምፅ "በቃ፣ የሽመና እቃውን ሽጪው" አላት እናቴን።

በማግስቱ ጠዋት ሽመናው ላይ ተቀምጦ ሳየው፣ በግራው በኩል ሄጄ ተቀመጥኩ።

"አንቺ! ሴት ትፈትላለች እንጂ ሽመና አትነካም!" አለች እናቴ።

አባቴ "ተያት" አለና መወርወሪያውን ወረወረልኝ። ቀልቤ መለስኩለት።