ክዳኑ ብቻ አይሸጥም

እንደ እትዬ እልኸኛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ወላሂ! ካርቱም ጎን ለጎን ባሉ የሁለት ሰው ቤቶች በሠራተኝነት ስንኖር ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለየን። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት፣ በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ፣ ናይል ዳር ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ፊት ለፊት የእጅ ሥራ ገበያ ይቆም ነበር። ቆዳ ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ብር አንጣሪው ከየአገሩ ይመጣል። እኛም በጁምዓ እረፍታችን ዞር ዞር ብለን፣ ዓይናችንን አጥግበን እንመለሳለን። አንድ ዓመት ግን እትዬ "እኔስ ምን አነሰኝ?" አለች። ከአገር በሚመጡ ሴቶች ሻንጣ አክርማና አለላ እያስመጣች፣ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሏ ስትሰፋ ከረመች። ምን የመሰለ መሶብ ወጣላት መሰላችሁ! ቀዩና አረንጓዴው እየተጠማዘዘ ወደ ክዳኑ ጫፍ ሲወጣ ዓይን ይዞ ይሄዳል። ድስት ሲፈትጉ የሚውሉት እነዚያ ጣቶች ይህን ሁሉ እያወቁ እንዴት ዝም አሉ? ዛሬም ይገርመኛል።

የገበያው ኃላፊ በስንት ልመና የአንድ ቀን ቦታ ሰጣት። "ከሸጥሽ ለከርሞም ቦታ አለሽ። ካልሸጥሽ ማፊ፣ የለም" አላት።

እሷ ደግሞ የፈለገችው ቦታውን ነው። "ስንት ዓመት 'ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ ነይ፣ ያ ቢት ሂጂ' ስባል ኖርኩ። በእጄ ሥራ የምታወቅበት፣ ምንጣፍ የምታህል መሬት እንኳ ትኑረኝ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በቀኑ ገዢው ጎረፈ። ጎረፈና ሁሉም አንድ ነገር ጠየቀ፦ "ክዳኑ ስንት ነው?" ሱዳኖች የምግብ ትሪያቸውን የሚከድኑበት፣ ጠበግ የሚሉት ስፌት አላቸው። የመሶቡን ክዳን ሲያዩ እሱን መሰላቸው፤ የቀረውን ምን ያድርጉት? አንዷማ ክዳኑን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቦርሳዋን መክፈት ጀመረች። እትዬ መንጭቃ ተቀበለቻት።

"ክዳኑ ብቻ አይሸጥም!"

"ኧረ በአላህ ሽጪው!" ብዬ ተቆጣሁ። "ሌላ ክዳን ትሰፊያለሽ፤ ቦታውን አትጪ!"

"ሙሽራ ከአንገቷ በላይ ብቻ ትዳራለች?" አለችኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቀኑ እያለቀ ነው።

አጠገባችን አንዲት ሰው ሁሉ ሀጃ የሚላት የዳርፉር ሴት ጠበጎቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስታየን ውላ፣ ሳትበላው የቆየችውን ምሳዋን፣ እንጀራ የሚመስለውን ስስ ኪስራ፣ ስታወጣ "ይሄ ከክዳኑ ሥር ያለው ለምንድን ነው?" አለች። እትዬ በተሰባበረ ዓረብኛዋ "እንጀራው እዚህ ላይ፣ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። ሁሉም ሳይሰበሰብ አይከፈትም" አለቻት።

"ያላ!" አለች ሀጃዋ። ኪስራዋን መሶቡ ላይ አነጠፈች፣ የወጥ ሳህኗን መሃል አስቀመጠች፣ ሸክላ ሠሪዋንም ቆዳ ሠሪውንም ተጣርታ ሰበሰበች። ከበን በላን። ሊያየን የቆመው ሰው መንገዱን ዘጋው። የዚያን ቀን ምሳ ጣዕሙ ዛሬም አፌ ላይ አለ።

ኃላፊው ግርግሩን ሰምቶ መጣ። "ሸጥሽ?"

እትዬ አቀረቀረች። "አልሸጥኩም። አሁንማ ተበልቶበታል።"

ሀጃዋ ተነሳች። ከጠበጎቿ ትልቁን መርጣ መሶቡ ላይ ደፋችው፤ ልክክ አለ። እትዬ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ሁሉ ሰው የከለከለችውን ክዳን ብድግ አድርጋ በሁለት እጇ ለሀጃዋ ሰጠቻት።

"ይሄ እኮ ሽያጭ አይደለም" አለ ኃላፊው።

"አይደለም" አለች ሀጃዋ። "ለከርሞ ግን ከጎኔ ናት። እሷ ከሌለች እኔም የለሁም።"

ሰውዬው ሳቀና ከኪስራው ቆረሰ። "ኢንሻአላህ፣ ለከርሞ እዚሁ" አለ።

ከርሞ ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ። እትዬ ልብሷን ጥላ መሶቡን ታቅፋ ከካርቱም ወጣች። አሁን ደሴ ናት። በቀደም ልጠይቃት ሄጄ፣ አንዲት እንግዳ ያን ጠበግ እያገላበጠች "ይቺን ክዳን ብቻ ሽጪልኝ" ስትላት ደረስኩ።

"የሰው ናት" አለች እትዬ። "ቦታችን ላይ ስንገናኝ መልሰን እንቀያየራለን።"

ሀጃዋ በሕይወት መኖሯን በምን አወቅሽ ልላት ነበር። እትዬ ክዳኑን ከእንግዳዋ እጅ ተቀብላ በመዳፏ አቧራውን ስትጠርገው አየሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከርኳትም።