በመኪናው በር ላይ የተጫረው ስም

የልጄ ባል ደሳለኝ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ከመጣ ወዲህ ግቢያችን እሑድ እሑድ ጋራዥ ይመስላል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እጅጌውን ሰብስቦ በሩን በጨርቅ ይፈትጋል። የልጅ ልጄ ሰላም ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው፤ የተማረችውን ለማሳየት ስሟን በምስማር በመኪናው በር ላይ ጽፋዋለች።

«ተወው፣ አታጥፋው» አልኩት።

«እማማ ደግሞ፤ ቀለሙን እኮ ነው የላጠችው» አለኝ እየሳቀ። ከጣሳው ሰም በጨርቁ ዛቅ አድርጎ መቀባቱን ቀጠለ። የሰሙ ሽታ ሲመጣብኝ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን በሠራ ጊዜ እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የተዳርኩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሉማሜ በሚወስደው በኩል ላለ የማር ነጋዴ ልጅ ነው። ባሌ አድማሱ ይባላል። ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል ብለው ከእርሻው ላይ ወስደው ምሽጉ ውስጥ አሰሩት። ማቀበሉንስ ያቀብል ነበር፤ በሶውን የምፈጨው እኔው ነበርኩ።

አማቴን ይርጋን አባባ እለው ነበር። አባባ ያደገው በድሮው ወግ ነው፤ እስረኛ ለማስፈታት ሹም ደጅ የሚጠና ሰው እጅ መንሻ ይይዛል፣ ባዶ እጁን አይቆምም። በቅሎዎቹን ጣሊያን ወስዷቸዋል፣ ማሩም አልቋል። ቤታችን ውስጥ ለሹም የሚበቃ ነገር ቢኖር ጭድ ቤት የተጣለው መኪና ብቻ ነበር።

መኪናውን ያመጣው ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በፊት የነበረ አንድ የአገር ገዢ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ፈረንጅ የተገለገለበትን ገዝቶ፣ አስፈታትቶ፣ ዓባይን በሰው ትከሻ አሻገረው። የተሸካሚዎቹ አለቃ አባባ ነበር። ገዢው ሲሻር መኪናው እኛ ዘንድ ቀረና የሚጠይቀው ጠፋ። እኔ ስዳር ዶሮ ይፈለፍልበት ነበር። ወንበሩን አይጥ በልቶታል፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ሞተሩም ከሞተ ቆይቷል።

ለጣሊያኑ ሹም የሚያስተረጉመው የሰፈራችን ሰው ነበር። አባባ ነገሩን ሲያማክረው፣ «ፈረንጁ መኪና ይወዳል፤ እንዳለ ውሰዱለት፣ ግን ፍጠኑ» አለው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ራሱን ይነቀንቃል። «የዶሮ ኩስ የለበሰ ነገር እንዴት ለሹም ይሰጣል? የምለምነው ልጄን እኮ ነው።»

«ፍጠኑ ብሏል እኮ አባባ» አልኩት።

«እሱ ትናንት የተወለደ ነው። ደጅ መጥናት የት ያውቃል? የሚታይ ነገር ይዘን ከሄድን ነው የሚሰማን።»

የክረምቱ ጭቃም አላስወጣንም። መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ እኔና እሱ ጭድ ቤት ገብተን መኪናውን አጠብን። እንዶድ ቀጥቅጠን አረፋውን በቆርቆሮው ላይ አፈሰስን። የመብራቶቹን ነሐስ በአመድና በሎሚ ፈተግነው፤ ከዝገቱ ሥር ቢጫ መልክ ሲወጣ አባባ እንደ ልጅ ደስ አለው። የተበላውን ወንበር የበግ ለምድ አለበስነው፤ ጎማው ውስጥ ገለባ ጠቀጠቅን። ከዚያ ከማሩ የተረፈውን ሰም ከኑግ ዘይት ጋር አቅልጠን፣ በአሮጌ ነጠላዬ ጥቁሩን ቀለም ማሸት ጀመርን። እውነት ለመናገር እኔ ገና ከመነሻው ተስፋ አልነበረኝም። ግን እጅ ሥራ ከያዘ ልብ ትንሽ ይረሳል፤ ፊቴን በበሩ ላይ ባየሁ ቀን ነጠላዬን አስተካክያለሁ።

በመሀሉ አገልግል ይዤ ወደ ምሽጉ እመላለስ ነበር። የፍልሰታ ጾም ስለነበር የምወስድለት እንጀራ በሽሮና የሽምብራ ቆሎ ነው፤ ለቡሄ ሙልሙል ዳቦ ጨመርኩለት። ዘበኞቹ በሩ ላይ ተቀብለው በማግስቱ አገልግሉን ባዶ ይመልሱልኛል። ባዶውን አገልግል ይዤ ስመለስ በላ ማለት ነው እላለሁ። አባባም ከሩቅ ሲያየኝ የሚጠይቀኝ እሱኑ ነው።

ጳጉሜን ውስጥ ይመስለኛል፣ የግራውን በር ሳሽ እጄ ሸካራ ነገር ነካ። ቆሻሻው ሲለቅ ፊደል ሆኖ ወጣ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ወደ ታች የተንሸራተተ፤ «አድማሱ» ይላል። ልጅ ሆኖ፣ ፊደል ሲቆጥር፣ እዚያ ጭድ ውስጥ ተቀምጦ የጫረው መሆን አለበት። አባባን ጠራሁት። ቆሞ ብዙ አየው። ሳቀም፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«ድፈኚው ልጄ» አለኝ በኋላ። «የተጫረ ነገር ለሹም አይሰጥም።»

«ይቅር አባባ። ምናለበት?»

«እሱ ሲመጣ ሌላ ይጽፍልሻል።»

ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ ፍቄ ከሰሙ ጋር ለወስኩትና በጣቴ እያንዳንዱን ፊደል ደፈንኩ። አባባ በጨርቅ አሸበትና አጎንብሶ አየው። «አሁን አይታይም» አለ።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ በሬዎቹን ጠምደን ጎተትነው። ዳር ዳሩ አደይ አበባ ነበር። መኪናው ያብረቀርቃል፣ ያገኘን ሁሉ እየቆመ ያያል። ፀሐይ ሲበረታ ሰሙ ሸተተና ንቦች መጡ፤ ምሽጉ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ጣሪያው ላይ ያንዣብቡ ነበር።

ሹሙ ወጣ። በበሬ የተጎተተ መኪና ሲያይ ሳቀ፣ ወታደሮቹም ሳቁ። ግን እጁን በበሩ ላይ አሳለፈና ደስ አለው። ምን ትፈልጋላችሁ አለ። አባባ መሬት ስሞ የልጁን ስም ጠራ። አስተርጓሚው ግን ስሙን አላስተረጎመም፤ ወደ አባባ ጠጋ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«አያ ይርጋ፣ እነ አድማሱ እኮ የሉም። በቡሄ ማግስት ነው ያወጧቸው። መንገርም ፈርቼ ነው።»

«የት ነው ያወጧቸው?» አለ አባባ።

«ትናንት አገልግሉ ባዶ ተመልሶልኛል» አልኩት እኔ።

«ዘበኞቹ ናቸው የሚበሉት» አለኝ።

አባባ መኪናውን መልሱልኝ አላለም፤ እጅ መንሻ አይመለስም። ቀንበሩን ፈታና በሬዎቹን እየነዳ ተመለሰ፣ እኔም ከኋላው። መኪናውን ስናጥብ፣ ስንወለውል፣ አድማሱ ሞቶ ነበር። ስሙን ስደፍነው ሞቶ ነበር። ምናልባት ፈጥነን ቢሆን ኖሮም ላይለቁት ይችሉ ነበር፤ ይህን ብዙ ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ አላጽናናኝም።

መኪናው ምሽጉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። መብራቶቹን ነቅለው ወሰዷቸው። ገበያ ስወርድ በሽቦው አጥር ወደ ውስጥ አያለሁ፤ በበጋው ፀሐይ ሰሙ ቀልጦ ስሙ ብቅ ይል ይሆናል እያልኩ። ከሩቅ ግን አይለይም። ጣሊያን የወጣ ዕለት ሰው ሁሉ ዱቄትና ብርድ ልብስ ሊዘርፍ ሲገባ እኔም ገባሁ። መኪናው አጽሙ ቀርቷል፤ በሮቹ የሉም። ማን እንደወሰዳቸው የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ባል አግብቼ ወልጃለሁ፣ አምላክ ይመስገን ወግ ማዕረግም አይቻለሁ። አድማሱ ፎቶግራፍ አልተነሳም፤ የተቀበረበትንም አላውቅም። ፊቱ እንኳ እየጠፋብኝ ነው። ያቺ በር ላይ የነበረችው ጽሕፈት ግን እስከ መንሸራተቷ ትታየኛለች። ይህን ለደሳለኝ ነግሬው አላውቅም፤ ያን ዕለትም ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ደሳለኝ ጨርቁን አራገፈና ጠራኝ። ሰላም ማልቀሷን ትታ አጠገቡ ቆማለች።

«ይምጡ ይዩት እማማ፤ አሁን አይታይም።»

ተነስቼ በጣቴ ዳሰስኩት። እውነቱን ነው፣ አይታይም።